ጅራትና ጥርስ

ሰፈርተኛው ሁለቱን አናጺዎች በስማቸው አይጠራቸውም ነበር። ታላቅየው «ጅራቱ»፣ ታናሽየው «ጥርሱ» ነበሩ። ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ ያወጣላቸው የገዛ አባታቸው ነው። ደህና አናጺ መሳቢያ ሲሠራ ማዕዘኑን በሚስማር አይመታም። የአንዱን ሳንቃ ጫፍ እንደ ርግብ ጅራት ወደ ዳር ሰፋ ሰፋ እያደረገ ይቆርጠዋል፤ በሌላው ሳንቃ ጫፍ ላይ ደግሞ በጅራቶቹ መሀል ጥብቅ ብለው የሚገቡ ጥርሶች ያወጣል። ሁለቱ አንዴ ከተነካከሱ መሳቢያውን ዕድሜ ልክ ቢጎትቱት አይላቀቅም። አባትየው ልጆቹ በአንድ መጋዝ ሲራኮቱ ቢሰለቸው፣ «አንተ ጅራቱን፣ አንተ ጥርሱን፤ ድምፅ እንዳልሰማ!» ብሎ ገላገላቸው። ለጊዜው ነበር። አባትየው አለፈ፣ ልጆቹ ሸበቱ፣ ለጊዜው የተባለው ግን እንደተባለ ቀረ።

እናም ታላቅየው ጅራቱን ቆርጦ ሳንቃውን በታናሽየው ሳንቃ ጫፍ ላይ ያጋድመዋል። ታናሽየው ዙሪያውን በቢላ ጫፍ ይቀዳና ጥርሱን ይቆርጣል። ይገጥማል። ሁልጊዜ ይገጥማል። ሲያልቅ በአንድ ወገን ዳሩ ላይ ፀጉር የምታህል ትርፍ ትወጣለች፤ እሷን በመላጊያ ዳበስ ያደርጓታል፣ አለቀ። እንጨት ነው፣ ምን ይደረጋል ይሉ ነበር። አንዱ የሌላውን ሥራ ሞክሮ አያውቅም። ምን ቆርጦት ይሞክራል? አጠገቡ ቆሞ የሚሠራለት ሰው አለ።

ታላቅየው አንድ ምሽት እራቱን በልቶ ተኛና ጠዋት አልተነሳም።

በቀብሩ ላይ ጥርሱ የሬሳ ሳጥኑን ማዕዘን ሲያይ ቆየ። በሚስማር የተመታ ነበር፤ አንዱ ሚስማር ጠመም ብሎ እንጨቱን ሰንጥቆታል። ሌላ ነገር አላሰበም። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሱ ስለዚያ ሚስማር እያሰበ ተመለሰ። ሰፈሩም ሥራ ፈትቶ ስለማያውቅ፣ «አይ የሱ ልብ! ድንጋይ ነው እኮ» ተባለ። እሱ ራሱ ይህን ቢሰማ አይከፋም ነበር፤ የሚከፋው ነገር ጠፍቶበታል። በየቀኑ ጠዋት ሲነሳ፣ ዛሬ ይመጣ ይሆናል ብሎ ኀዘኑን ይጠብቃል። አይመጣም። ምግቡን ይበላል፣ ምን እንደበላ ግን ቢጠየቅ አያውቅም። ወርክሾፑን ይከፍትና ያልቆሸሸውን ወለል ይጠርጋል። ሲጨርስ መጥረጊያውን ይዞ ይቆማል።

ወርክሾፑ ከታላቅየው ቤት ጋር በአንድ ግቢ ነው። የፊት ለፊቱ ክፍል ውስጥ የታላቅየው ሚስት ልብስ ትሰፋለች። ጥርሱ «እትዬ» ይላታል፣ እሷ ደግሞ «ወንድምዬ» ትለዋለች። ነገር የማታመላልስ ሴት ናት። አንድ ቀን የልብስ መለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጥታ የወርክሾፑ በር ላይ ቆመች።

«ወንድምዬ፣ ይኼ ወርክሾፕ ባዶውን አይቀመጥም። የሚከራየው ሰው ጠይቆኛል፤ የጋዝ ሲሊንደር ማከማቻ ሊያደርገው ነው። አንተ ብቻህን ትሠራለህ ካልከኝ መልሼ አላናግረውም። ትችላለህ ወይስ አትችልም?»

«አዋላጇ ያዘዘችው ኮመዲኖ አለ» አለ ጥርሱ።

«እሱን መች ጠየቅኩህ።»

«እሱን ከጨረስኩ እችላለሁ ማለት ነው።»

«ካልጨረስክስ?»

«ካልጨረስኩ ፋብሪካ እገባለሁ።»

ይህን ሲል ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ነበር የሚመስለው። ከመንገዱ ማዶ ያለው የእንጨት ፋብሪካ ካቦ ቦታ ይዞለታል። ሥራው ቺፑድ ወደ ማሽን መግፋት ነው። እስከ ቅዳሜ አሳውቀኝ ብሎታል።

የአዋላጇ ኮመዲኖ አካሉ አልቆ ማዕዘን ላይ ቆሟል፤ የጎደሉት መሳቢያዎቹ ናቸው። ታላቅየው ከመሞቱ በፊት የአንዱን መሳቢያ ጅራት ቆርጦ ጨርሶ ነበር። ለሌሎቹ ገና ሳንቃው እንኳ አልተሰመረም። ጥርሱ የወንድሙን ሳንቃዎች አቧራቸውን ጠርጎ በመስኮቱ በኩል ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጣቸው። እነሱን ለመጨረሻ ተዋቸው፤ ጥርስ ብቻ ነው የሚቀራቸው፣ ጥርስ ደግሞ ተኝቶም ይቆርጣል። የቸገረው ጅራቱ ነው። በዚህ ዕድሜው፣ መነጽር ካላደረገ እርሳሱ የማይታየው ሰው፣ አዲስ ነገር ሊማር ነው።

ሰኞ ጀመረ። ሳንቃውን በሞርሳው መንጋጋ መሀል አቁሞ ጥብቅ አድርጎ አሰረው። ወንድሙ እንዲህ ያደርግ ነበር፤ ከዚያስ? ሲሠራ ዕድሜ ልኩን አጠገቡ ቆሟል፣ ግን የሚያየው የራሱን ሳንቃ ነበር። በእርሳስ አሰመረ፣ ደመሰሰ፣ እንደገና አሰመረ። የመጀመሪያው ጅራት ጅራት ሳይሆን የተገመጠ ነገር ሆነ። ሁለተኛው መስመሩን በላው። ሌላውን ሲቆርጥ መጋዙ መሀል ላይ ተሰነቀረና ሲያወጣው ሳንቃው አብሮ ተላጠ። ሌላ ሰው ቢሆን መጋዙን ይወረውር ነበር። ጥርሱ አልተናደደም፤ መናደድም የለም። ቁራጩን ወደ ጥግ ጣለና ሌላ አሰረ። መቼስ መደንዘዝ አንድ ጥቅም አለው፤ ሰው አይሰለችም።

ማክሰኞ መስመሩን ሳይነካ አጠገቡ መቁረጥ ቻለ። ረቡዕ የማዕዘን መለኪያውን፣ ስኳድራውን፣ አንስቶ የቆረጠውን ሁሉ ሲለካ፣ ጅራቱ በፊትም በጀርባም አንድ ልክ ሆኖ አገኘው። ስኳድራው ሥር ብርሃን አያልፍም። ደህና ጅራት ነው። ወንድሙ ስኳድራ አይጠቀምም ነበር፤ «ዓይኔ ምን ሊሠራ?» ይል ነበር።

አሁን የራሱ ሥራ ቀረ። ጅራቱን በሌላው ሳንቃ ጫፍ ላይ አጋድሞ ቀዳው፣ እንደ ልማዱ ጥርሱን ቆረጠ፣ መሀሉን በመሮ አጸዳ። ሁለቱን አገናኝቶ በእንጨት መዶሻ መታ መታ አደረገ። ጫፉ ገባ፣ ከዚያ ቆመ። ጠንከር አድርጎ መታው። ጅራቱ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ።

ጥፋቱ የጅራቱ ነው ብሎ አዲስ ጅራት ቆረጠ። እንደገና ለካው፤ ምንም እንከን አይወጣለትም። ጥርሱን ቆረጠ። ጫፉ ገባና መሀል ላይ ያዘ፤ በአንድ ወገን ወረቀት የሚያሾልክ ክፍተት፣ በሌላው ወገን ደግሞ እንጨት እንጨትን የሚያላምጥ ጥበት። እንጨቱ እርጥብ ነው ብሎ ሌላ ሳንቃ አወጣ። ያው። መጋዙ ዶልዱሟል ብሎ ሳለው። ያው። ሰፈር የሚጠራበት ስም ጥርሱ ነው፣ ያቃተው ደግሞ ጥርሱ ነው።

ካቦው በዚህ መሀል ጎራ አለ። ሰጋቱራውን እየረገጠ ገብቶ የተሰነጣጠቁትን ቁራጮች በእግሩ ገፋ ገፋ አደረገ።

«ታዲያስ ጥርሱ፣ ምን ወሰንክ?»

«ገና ነኝ።»

«ምኑ ነው ገናው? ማሽን ነው የሚቆርጠው እኮ። ያንተ ሥራ መግፋት ነው። ምንም ማሰብ የለ።»

«እሱስ ይስማማኛል» አለ ጥርሱ ከልቡ።

ካቦው ቀልድ መስሎት ሳቀ። «ቅዳሜ እንግዲህ። ቦታውን የሚፈልግ ሞልቷል፣ ኋላ አልሰማሁም እንዳትል።»

ሐሙስ ከሰዓት ልብስ ሰፊዋ ጠራችው። ሄደ። ከማሽኗ ላይ አዲስ ሸሚዝ አንስታ አራገፈችለት።

«ና እስቲ ይቺን ልበሳት። ለሱ ብዬ የገዛሁት ጨርቅ ነው፤ ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ምን ያደርግልኛል? ልክህን ካሮጌው ሸሚዝህ ወስጃለሁ።»

ለበሰው። ቁልፉን ሲቆልፍ ቀኝ ትከሻው ላይ ያዘው፤ የታችኛው ጠርዝ በዚያው ወገን ሽቅብ ተሰቀለ። ልብስ ሰፊዋ ፊቷን አኮሳተረች።

«ቀጥ ብለህ ቁም እንጂ።»

«ቆሜያለሁ።»

«ቀኝ ትከሻህን አውርደው።»

«እትዬ፣ የት ላውርደው? ትከሻዬ እኮ እዚህ ነው ያለው።»

ሜትሩን ከአንገቷ መንጭቃ ለካችው። ግራውን፣ ቀኙን፣ እንደገና ግራውን። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

«የሱን ነው የቆረጥኩት» አለች። «ያንተን ልክ ወስጄ፣ በጠመኔ አስምሬ፣ የሱን ቆረጥኩት። አግብቶኝ አንድ ሸሚዝ ገዝቶ ለብሶ አያውቅም፤ የሱቅ ሸሚዝ አይሆነውማ። ቀኝ ትከሻው ወረድ ያለች ናት። መቀሱ እዚያ ጋ ሲደርስ ሳልነግረው ዝቅ ይላል።»

አለቀሰች። ጥርሱ በተንሻፈፈው ሸሚዝ ውስጥ ቆሞ አያት። እሷ ማልቀስ በመቻሏ ቀናባት፤ ያ እንኳ ከሩቅ ነበር የተሰማው። ከዚያም ጨርሶ የማይገባ ነገር ጠየቃት።

«ወደ ቀኝ ነው ያልሽኝ?»

«ምኑ?»

«ትከሻው።»

«አብረኸው ያደግክ አንተ እኔን ትጠይቀኛለህ? ደግሞስ አሁን የሚጠየቅ ነገር ነው?»

ልክ ነበረች፣ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም። ወንድሙ ልጅ ሆኖ ከጣሪያ መውደቁን፣ ከዚያ ወዲህ አንዱ ትከሻው ዝቅ ማለቱን ጥርሱ ያውቃል። ግን አብሮት የሚውል ሰው ትከሻ ማን ያያል? ከስፌት ጠረጴዛዋ መሳቢያውን መዘዘና ክሩንና ቁልፉን መሬት ላይ ገለበጠው። «ኧረ ጉድ! ምን ሆነሃል ሰውዬ?» ብላ እየጮኸች እሱ መሳቢያውን ታቅፎ ወጣ። ለሠርጓ ወንድማማቾቹ የሠሩላት መሳቢያ ነው።

ወርክሾፕ ገብቶ ስኳድራውን የመሳቢያው ማዕዘን ላይ አሳረፈው። ጅራቱና ጥርሱ የተገናኙበት መስመር ሁሉ ወደ ቀኝ ያጋድላል። አንዱ ብቻ ቢሆን እንጨት ነው ይባላል፤ ሁሉም፣ በአንድ ልክ፣ ወደ አንድ ወገን። የመሣሪያ ሳጥናቸውን ለካ። ራሳቸው የሠሩትን አሮጌ የገንዘብ ሳጥን ለካ። ያው ነው። የወንድሙ መጋዝ ከዝቅተኛው ትከሻ ጋር አብሮ ወደ ቀኝ ይሳብ ነበር፤ የታናሽየው እጅ ደግሞ፣ ማንም ሳይነግረው፣ ያንኑ ያህል አጋድሎ ይጠብቀው ነበር። ስለዚህ ነው ሁልጊዜ የሚገጥመው። በየሥራው መጨረሻ በመላጊያ የሚዳብሷት ያቺ ትርፍም ከዚህ የመጣች ናት። አሁን ጅራቱን ራሱ ቀጥ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ ጥርሱ ላይ ሲደርስ ግን እጁ የሌለውን ሰው እየጠበቀ ያጋድላል።

ጥርሱ ይህን ሁሉ ካወቀ በኋላም ምንም አልተሰማው። ችግሩ ተገኘ አለ፣ በቃ። ክሩንና ቁልፉን ለቅሞ መሳቢያውን መለሰላት፣ ይቅርታም ጠየቃት።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ እጁን ሲያቃና ዋለ። ከሳንቃው ጀርባ ስኳድራውን አቁሞ፣ መጋዙን ሁለት ሦስት ጊዜ ሳብ አድርጎ ያቆማል፤ ያያል። ወደ ቀኝ ሄዷል። ይመልሰዋል። እንደገና ሳብ፤ ወደ ቀኝ። አቋሙን ለወጠ፣ እግሩን አራርቆ ቆመ፣ ክንዱን ከጎኑ ጋር አጣበቀ። እጁ እንደ ክፉ በቅሎ ወደሚያውቀው መንገድ ይጎትተዋል። ጥጉ በቁራጭ ተሞላ። አመሻሽ ላይ የቆረጠው አንድ ጥርስ ቀጥ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሁሉም።

ሁለቱን ሳንቃዎች አገናኘና መታ መታ አደረጋቸው። ሳይንገራገጩ ወረዱ፤ መጨረሻ ላይ ከመሀላቸው የወጣችው አየር እፍ ስትል ተሰማችው። ጣቱን በዳሩ ላይ አስኬደ። ምንም ትርፍ የለም፤ መላጊያም አያስፈልገውም። ወንድማማቾቹ በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ መጋጠሚያ ሠርተው አያውቁም።

ልብስ ሰፊዋ ጋ ይዞት ሄደ።

«ችያለሁ» አላት።

አገላብጣ አየችው። «እሰየው። ሰውዬውን አልቀበልም እለዋለሁ እንግዲህ።» ከዚያ ፊቱን አየችው። «ምነው ደስ አይልህም?»

«ደስ ይለኛል» አለ። እንዲህ መባል ስላለበት ነው ያለው። ፋብሪካው በር ድረስ ሄዶ ለካቦው እንደማይመጣ ነገረው። ካቦው፣ «በኋላ ይቆጭሃል» አለ። ሊሆን ይችላል አለና ተመለሰ።

በቀጣዩ ሳምንት የኮመዲኖው መሳቢያዎች አንድ በአንድ አለቁ። ጅራቱንም እሱ፣ ጥርሱንም እሱ። እያንዳንዱ ገጠመ፤ ኮላ ቀባቸው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሳቸው፣ ኮመዲኖው ውስጥ አስገብቶ ሲገፋቸው ያለ ድምፅ ገቡ። አዋላጇ መንገዷ ላይ ብቅ ብላ አንዱን ስባ መለሰችውና፣ «እንዲያው እጅዎን ይባርከው፣ ሲሳብ እኮ አይሰማም» አለችው። አመሰገነ። ሙሉ አናጺ ሆኗል። ይህንን ለራሱ በቃል ነገረው፣ ምናልባት ይሰማው እንደሆነ ብሎ። ወለሉን ጠረገ።

የቀረው አንድ መሳቢያ ነው። የወንድሙን ሳንቃዎች ከመደርደሪያው አወረዳቸው። የወንድሙ እርሳስ ምልክት አሁንም አለ፤ ሰነፍ ተማሪ የጻፈው የሚመስል ትልቅ መስቀል፣ ይኼ ወደ ውስጥ ነው ለማለት። ታናሽየው ሳንቃውን በራሱ ሳንቃ ጫፍ ላይ አጋድሞ በቢላው ዙሪያውን ቀዳ። መጋዙን አነሳና ቆረጠ። ቀላል ሥራ ነው፤ የሚያውቀው ሥራ ነው። መሀሉን አጸዳ፣ አገናኘ፣ መታ።

ጫፉ ገባና ቆመ።

አወጣው። የወንድሙ ጅራት ያጋድላል፣ የሱ ጥርስ ቀጥ ብሏል። በገዛ ሞኝነቱ ሊስቅ ሞከረ። ሌላ ሳንቃ አሰረና አሁን አጋድሎ ሊቆርጥ ተነሳ፤ ምን ከባድ ነገር አለው፣ ዕድሜ ልኩን ያደረገው ነው። እጁን ወደ ቀኝ ገፋው። በዛ። ቀነሰው፤ ቀጥ አለ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ወንድሙ አጠገቡ እንደቆመ አስቦ፣ እንደ ድሮው ሳበው። ዓይኑን ገልጦ ስኳድራውን ሲያስጠጋው ምንም ብርሃን አያልፍም። ፍጹም ቀጥ ብሏል። ያ መጋደል በስኳድራ አይለካ፣ በእርሳስ አይሰመር፤ ያለው በእጁ ውስጥ ብቻ ነበር፣ ከእጁም ራሱ በገዛ ፈቃዱ ዓርብ ዕለት አስወጥቶታል።

አሁንም ሞከረ። ገጥሞ መታው። ትንሽ ወረደ። ይወርዳል ብሎ ደግሞ መታው፤ የወንድሙ ሳንቃ ከዳር እስከ መሀል ተሰነጠቀ፣ አንዱ ጅራት ተገንጥሎ መሬት ላይ ወደቀ።

ጥርሱ ጎንበስ ብሎ አነሳው። ከተገነጠለበት ቦታ ላይ መልሶ አስጠጋው። እንዲህ የሚገጥመው ሰው ከእንግዲህ እንደሌለ፣ የትም እንደማያገኘው፣ ነገም ከነገ ወዲያም ሳንቃ የሚያጋድምለት እንደማይመጣ አሁን ገባው።

ሁለቱን ሳንቃዎች ይዞ ግቢውን አቋረጠ። ልብስ ሰፊዋ ማሽኗ ላይ ነበረች፤ እግሯ ፔዳሉ ላይ ነው፣ መርፌው ይሮጣል። በሩ ላይ ቆመ።

«እትዬ።»

«አቤት ወንድምዬ፣ ምን ሆንክ?»

«ወንድም ጋሼ እኮ ሞተ» አላት።

ማሽኑን አቆመች። ምን ማለትህ ነው አላለችውም፣ ዛሬ ሰማህ ወይ አላለችውም።

«አዎ፣ ሞተ» አለች።

ከጎኗ ያለውን ወንበር ከጨርቅ ክምር ባዶ አደረገችለት። ተቀመጠና፣ ሳንቃዎቹን ጭኑ ላይ እንዳደረገ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ።